የእናኑ መቀጫ

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ወገቤ። ሌላ ነገር ሳልጽፍ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ።

ከጧት ጀምሮ ሠላሳ አራት የገመድ አልጋ ሳገላብጥ ዋልኩ። ዓመቱ አልቋል፤ ማደሪያው ሊዘጋ ነው። የላላው ገመድ ይወጠራል፣ የተሰነጠቀው እግር ይጠገናል፣ ከዚያ እያንዳንዷ ልጅ አልጋዋን፣ ፍራሿን፣ አጎበሯንና ባልዲዋን አስረክባ ትፈርማለች። ተረካቢው እኔ ነኝ። ዘበኛውም፣ አናጢውም፣ ደወል መቺውም እኔው ነኝ። ደወሉ ከግራሩ ላይ የተንጠለጠለ የትራክተር ማረሻ ዲስክ ነው። አብደራፊ እርሻ ላይ ስሠራ ዲስክ አፈር ሲገለብጥ አይ ነበር፤ እዚህ ሽንፋ ደግሞ ሴት ልጅ ከእንቅልፍ ሲገለብጥ አያለሁ። አፈሩ ይሻላል፣ አይሰድብም።

ዛሬ ግን አንድ ደስታ አግኝቻለሁ። እናኑን ያዝኳት!

ሕጉ እንዲህ ነው። ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ስለማያስተኛ ልጆቹ በጋውን የሚያድሩት አልጋቸውን ግቢ አውጥተው ነው። ጧት ዲስኩ ከተመታ በኋላ አልጋ ላይ የተገኘ ዕቃ ሁሉ እስረኛ ነው። ዕቃ ቤት ያለች የእንጨት ሳጥኔ ውስጥ ይቆለፍበታል። መቀጫው አንድ ትምህርት ነው፤ ባለቤቲቱ ከክፍል ከተማረችው አንድ ነገር ለእኔ አስተምራ ዕቃዋን ታስፈታለች። እኔ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው። ጨረቃ የራሷ ብርሃን እንደሌላት ያወቅሁት በአንድ ማበጠሪያ ነው። የግራ ሳንባ ከቀኙ እንደሚያንስ ደግሞ በአንዲት ነጠላ ጫማ። ሁሉንም በቁጥር መዝግቤዋለሁ፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ደርሷል።

እናኑ እዚህ በቆየችበት አራት ዓመት አንድም ቀን እጄ ገብታ አታውቅም። ዝምተኛ ልጅ ናት። አባቷ ከጎጃም ለአረም የመጣ ሳሉግ፣ የወቅት ሠራተኛ ነበር፤ ወቅቱ ሲያልቅ እንደ ሌሎቹ ወደ ደጋ አልተመለሰም፣ አብደራፊ ቀረ። የእህቴ ልጅ ብርቄ አጎቴ ስላለችኝ ግቢው በሙሉ አጎቴ ይለኛል፤ እናኑ ብቻ አያ ትለኛለች። ዛሬ ጧት አልጋዋ ላይ አንድ ካኪ ፖስታ ተኝቷል። ደብዳቤ መሰለኝ። ሳልከፍት ወስጄ ቆለፍኩበት፤ የሰው ደብዳቤ ማሰር እንጂ ማንበብ ነውር ነው።

ማታ ልቀጣት ነበር። ሊመሽ ሲል ግን ያ ሁሉ ሰማይ ወረደ። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ። ሠላሳ አራት አልጋ በሩጫ ወደ ቤት! ብርቄ ፍራሽ በራሷ ተሸክማ «አጎቴ፣ እርጅናህን ተውና ያዝ!» ትለኛለች። ያዝኩ። አሁን ወገቤን የያዘኝ እሱ ነው።

ፖስታው ይቆይ። ቅዳሜ አሥራ አንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ለመልቀቂያ ፈተና ወደ ጎንደር ይሄዳሉ። ብርቄም እናኑም አሉበት። ሲሳፈሩ በሁሉም ፊት አወጣውና የስንብት መቀጫ አስከፍላታለሁ። ሳስበው ብቻዬን ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ጭቃ። ጭቃ። ጭቃ።

የሠራሁት፦ የዕቃ ቤቱን ጣሪያ ደፈንኩ። የራሱትን ፍራሾች መደርደሪያ ላይ ጫንኩ፤ ቦታ ስለጠበበ ሳጥኔን አውርጄ ጥግ ላይ መሬት አስቀመጥኳት። ከዝናቡ ጋር ምስጥ ስለሚነሳ የአልጋ እግር ሁሉ የተቃጠለ ዘይት ቀባሁ። ሠላሳ አራት አልጋ፣ መቶ ሠላሳ ስድስት እግር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ በአእምሮዋ አባዝታ ስትነግረኝ ዕቃ ሳልይዝባት አስተማረችኝ፤ ይህ በሕጉ ውስጥ የለም።

ምሳ ሽሮ። እራት ሽሮ። የሰኔ ጾም መቼ ነው የሚፈታው?

ልጆቹ በየጥጉ ያጠናሉ። አንዷ ሽንት ቤት በር ላይ ቆማ ፎርሙላ ስትሸመድድ፣ ውስጥ ያለችው መልሱን እየነገረቻት ነበር። እናኑ ብቻ መጽሐፍ አልያዘችም። አንገቷን ደፍታ ግቢውን ስትዞር ዋለች፤ የውሃ መውረጃው ሥር፣ የማገዶው ክምር ሥር። ጎጃም ድረስ የሚያደርስ ዋሻ ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት። ጉትቻዬ ጠፍቶብኝ ነው አያ አለች። ጆሮዋን አላየሁም። ደክሞኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ የማደሪያው ኃላፊ እትዬ ስንዱ ሁሉንም ልጆች ግራሩ ሥር ሰበሰቡ። ፊታቸው ተከስክሷል። የእናኑ የፈተና መግቢያ ካርድ ጠፍቷል። ከሰኞ ጀምሮ ስታለቅስ ኖሯል፤ ፈርታ ለማንም አልተናገረችም፤ ዛሬ ብርቄ ባታውቅባት ኖሮ ዝም እንዳለች ትቀር ነበር። አባቷ ዘንድሮ ካልተፈተንሽ መጥተሽ ለአረም ሠራተኞች ትቀቅያለሽ ብሏታል። ለሠራተኛ መቀቀል የጀመረች ልጅ ወደ ደብተር ስትመለስ እኔ አላየሁም። አብደራፊ ስንቷን አይቻለሁ።

እትዬ ስንዱ ቦርሳ ማስፈተሽ ጀምረዋል። አጠገቧ የምትተኛዋ ልጅ ቦርሳ ተዘርግፎ ልብሷ ጭቃ ላይ ወድቋል። ልጆቹ በክፉ ዓይን ይተያያሉ።

እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ካልጻፍኩ ለምን እጽፋለሁ። ካርዱ ካኪው ፖስታ ውስጥ እንደሆነ ገባኝ። ቁልፌን እያሽከረከርኩ ምሥራች እንደያዘ ሰው ወደ ዕቃ ቤት ሄድኩ።

ሳጥኗን ሳነሳት መቀመጫዋ መሬት ቀረ። ውስጧ በጭቃ መስመር ተሞልቷል። ፖስታውን ያዝኩት፤ ላባ ሆኗል። ስገለብጠው አፈር ፈሰሰ። ካርዱ የለም። ከፎቶግራፏ አንድ ጆሮና የነጠላዋ ጥለት ብቻ ተርፏል። ጆሮዋ ላይ ጉትቻው አለ፤ ትናንት ስትፈልግ የዋለችው ጉትቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

በዚህ ቆላ በሰኔ እንጨትና ወረቀት ድንጋይ ሳይነጠፍለት፣ ዘይት ሳይቀባ መሬት ላይ እንደማይቀመጥ የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል፤ ለምስጥ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ትናንት መቶ ሠላሳ ስድስት እግር ቀባሁ። ሳጥኔን አልቀባሁም።

ተመልሼ እኔ ነኝ የወሰድኩት አልኳቸው። ልጆቹ ሳቁ። የምሬን ነው ብዬ ደገምኩት፤ ይበልጥ ሳቁ። ዓመቱን ሙሉ የምሬን ነው ስላቸው ነው የከረምኩት። ጥር ላይ በረዶ ዘንቧል ብዬ በባልዲ ጨው ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። እትዬ ስንዱ ግንባራቸውን ይዘው «ጋሽ መልካሙ፣ የተጠረጠረችውን ልጅ ሊሸፍኑ ብለው ነው፣ ደግነትዎን አውቀዋለሁ፤ አሁን ግን ይተዉን» አሉኝ።

ያንን አፈር ከነፖስታው በፊታቸው መሬት ላይ ዘረገፍኩት። አንድ ሁለት ምስጥ እየተንቀሳቀሰ ነበር።

ሳቁ ቆመ። እናኑ ጎንበስ ብላ ያቺን የፎቶ ቁራጭ አነሳችና በመዳፏ ያዘቻት። ብርቄ የአራት ዓመት ልጅ ሆና ነው እናቷ ሞታ እኔ ጋ የመጣችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ስትለኝ ነው ያደገችው።

«እርስዎ ነዎት?» አለችኝ ብርቄ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጽፈውልን እትዬ ስንዱ፣ እናኑና እኔ በጧት ወደ ከተማ ወጣን። መኪና የለም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። የማውቀው የትራክተር ኦፕሬተር ተሳቢው ላይ ጫነን። አብደራፊ እያለሁ ጎማ መፍታት ያስተማርኩት ነው፤ እስካሁን የዋለልኝ ውለታ ይህ ብቻ ነው።

ወንዙ ሞልቶ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ኦፕሬተሩ በእንጨት ጥልቀቱን ለካና ተማም ነው፣ ደህና ነው፣ ያሻግራል አለ። እነዚህ ድንበር ላይ ያሉ ሰዎች ሊሰምጡም ሲሉ ተማም ነው የሚሉት። እትዬ ስንዱ ዓይናቸውን ጨፍነው ማርያምን ሲጠሩ ተሻገርን። እናኑ ተሳቢው ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ደብተሯን ታነብ ነበር። በዚያ ሁሉ መንገጫገጭ እንዴት ፊደሉ እንደታያት እንጃ። ምናልባት አልታያትም።

ትምህርት ቢሮ ውስጥ የተቀበለን ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ ሰማን። አዲስ ካርድ ከእኛ አይወጣም፣ ከላይ ነው አለ። ከላይ ለመጠየቅ ጊዜ የለም። ማድረግ የሚችለው ተማሪነቷን የሚያረጋግጥ ባለፎቶ ደብዳቤ መስጠት ነው። እሱም ቢሆን ካርዱ እንዴት እንደጠፋ ያጠፋው ሰው ጽፎ ሲፈርም ነው። ከየቦታው ፍየል በላው፣ ወንዝ ወሰደው እየተባለ እንደሚመጣበት ነገረን። ፍየል ግን መጥታ አትፈርምም አለ።

ወረቀት ሰጠኝ። ጻፍኩ። ለቀልድ እንደወሰድኩት፣ ሳልከፍት እንደቆለፍኩት፣ መሬት እንዳስቀመጥኩት፣ ልጅቱ ምንም ጥፋት እንደሌለባት። አንድ ገጽ አልሞላም። በሕይወቴ ቀልድ ያልገባበት የመጀመሪያ ጽሑፌ ይመስለኛል።

አነበበውና ትምህርትዎ እስከ ስንት ነው አለኝ። ሠላሳ አራት መምህራን አሉኝ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እናኑ በሩ አጠገብ ቆማለች።

አልተማርኩም አልኩት።

ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ኑ ተባልን። እዚሁ የእትዬ ስንዱ ዘመድ ቤት አረፍን። ቀይ የከርከዴ ሻይ ቀረበልን። ጠጣሁት፤ ጣዕሙ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ጧት ፎቶ ቤት። ፎቶው ሲደርቅ ጠበቅን። ከዚያ ቢሮ፣ ማኅተም ያዡ ገና ናቸው፤ እንደገና መጠበቅ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። እትዬ ስንዱ እግራቸው አብጦ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እኔ በር ላይ ቆሜ የገባ ሰው ሁሉ ማኅተም ሲመስለኝ ዋልኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ደብዳቤው ወጣ። ማኅተሙ ግማሹ ፎቶዋ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል። ቆንጆ ማኅተም ነው። ሰውዬው ሲሰጠን ግን ጎንደር ይቀበሉታል ብዬ ቃል አልገባም አለ። እናኑ በላስቲክ ጠቅልላ ከልብሷ ሥር አስገባችው። በመልሱ መንገድ ሁሉ እጇ ደረቷ ላይ ነበር።

ወንዙ ዳር ስንጠብቅ በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋን ቃል ተናገረችኝ።

«አያ፣ ለአባቴ አይንገሩብኝ።»

እሺ አልኩ። ሌላም ነገር ልላት ፈልጌ ነበር። ይቅርታ ስል ደግሞ ቀልድ እንዳይመስላት ፈራሁ። አፌን ራሴ ነኝ ያበላሸሁት።

ማደሪያ ስንደርስ እትዬ ስንዱ ለብቻዬ ጠርተው ነገሩን ማሳወቅ ግዴታቸው እንደሆነ፣ ሐሙስ የማደሪያው ኮሚቴ እንደሚሰበሰብ ነገሩኝ። አቶ መልካሙ ነው ያሉኝ፤ ጋሽ አይደለም። ይገባኛል አልኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ ወደ አረም መመለስ ይከብዳል፤ ግን ይገባኛል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ማርያም ናት ዛሬ። ከትናንት ወዲህ ስላልዘነበ መንገዱ ጠጥሮ አውቶቡሱ በሁለት ሰዓት መጣ።

ለፈተና የሚሄዱ ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ዲስኩን መትተው መሳፈር የግቢው ልማድ ነው። የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲቀሰቅሳችሁ ኖሯል፣ ተበቀሉት ብዬ። አንዷ በመዶሻው ስትመታ ግራሩ ላይ ያሉት ወፎች ተነሱ። ብርቄ እንደ ጠላት ነው የመታችው። ቆጠርኩ፦ አሥር።

እናኑ አልመታችም። ላስቲኳን ይዛ በቀጥታ ገባችና በወዲያኛው በኩል ተቀመጠች።

ብርቄ ከመሳፈሯ በፊት ጉንጬን ሳመችኝ። ሳመችኝ እንጂ አላናገረችኝም። ስንቅ ቋጥሬላት ነበር፣ ዳቦ ቆሎ። ተቀበለች።

ከሄዱ በኋላ ሌላ ነገር አየሁ። የቀሩት ታናናሾቹ ሃያ ሦስት ናቸው። ጧት ዲስኩን ከመታሁ በኋላ ግቢ ካደሩት አልጋዎቻቸው ባዶ የቀረ ጥቂት ነው። አንዱ ላይ ማበጠሪያ። አንዱ ላይ ኩባያ። አንዱ ላይ አንድ እግር ነጠላ ጫማ። የማባዛቷ ልጅ ነጠላ ጫማ ነው። አውቀው ነው የተዉልኝ። ከማእድ ቤቱ መስኮት ሆነው ያዩኛል።

አላነሳሁም። አልፌ ሄድኩ። ኋላዬ አንዷ «አጎቴ ታሟል» ስትል ሰማሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 22

የእናኑን አልጋ ገመድ ፈታሁት። ደህና ነበር፤ መወጠር አላስፈለገውም። ዝም ብዬ ፈትቼ እንደገና ጠለፍኩት።

አብሯቸው የሄደው መምህር ደውሎ በሰላም ደርሰናል ብሏል። ልጆቹ ስልክ ተከልክለዋል። የእናኑን ደብዳቤ በር ላይ አይተው አስገብተዋታል፤ ትፈተን አትፈተን የሚለው ግን ነገ ጧት አዳራሹ በር ላይ ነው የሚወሰነው። እትዬ ስንዱ ይህን የሰሙት ከሽንት ቤቱ በስተጀርባ ያለው ኩይሳ ላይ ወጥተው ነው። በዚህ ግቢ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ አናት ላይ ብቻ ነው። ምስጥ ቤቱን ሲሠራ ለእኛም አስቦ ሳይሆን አይቀርም።

ቀልድ ጻፍኩ ይሆን? ልሰርዘው አሰብኩ፤ ተውኩት።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ሳይነጋ ነቃሁ። ዲስኩን መታሁ። ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ስንዱን ስልካቸውን ለመንኳቸውና ኩይሳው ላይ ወጣሁ።

ሦስት ሰዓት። ምንም። ፈተናው ተጀምሯል ማለት ነው፤ ወይ ገብታለች፣ ወይ በር ላይ ቆማለች። አራት ሰዓት። ከእግሬ ሥር ምስጦቹ በዝናቡ የፈረሰውን ጥግ ይጠግናሉ። አፈር በአፍ ያመጣሉ፣ ይለጥፋሉ፣ ይመለሳሉ። ልረግጣቸው እግሬን አንስቼ ወደ ጎን አወረድኩት። አምስት ሰዓት። ፀሐዩ አናቴን መታኝ። ታናናሾቹ አንድ ጆግ ውሃ አመጡልኝና ሳይጠይቁኝ ሄዱ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ። መምህሩ ነው። 

«ጋሽ መልካሙ፣ መልእክት አለብኝ። ከብርቄ ነው፤ ቃሉ የእሷ ነውና እንዳይቀየሙኝ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «'አንተ ሽማግሌ፣ ገብታለች፤ አሁን ብላና ተኛ' ብላለች።»

አንተ ብላኛለች። መምህሩን ድገምልኝ አልኩት። አፍሮ ደገመልኝ።

በር ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል አቁመዋት፣ ደብዳቤውን ሦስት ሰው እጅ አሳልፈው፣ በመጨረሻ አስገብተዋታል። የጠዋቱን ጨርሳ ወጥታለች። የከሰዓቱንም ትቀመጣለች። የነገው ምን ይሆናል አልኩት፤ ስሟን መዝግበዋል፣ ከእንግዲህ የሚከለክላት ያለ አይመስለኝም አለ። አይመስለኝም ነው ያለው። ይሁን፤ ለዛሬ ይበቃኛል።

ሊዘጋው ሲል ሌላም አለ ብሎ አቆመኝ። እናኑ የላከችው ነው። ከወረቀት አነበበልኝ፦

«ለአያ መቀጫዬን ያድርሱልኝ። ሠራተኛ ምስጥ ዓይን የለውም። የሚበላው ምን እንደሆነ አያውቅም።»

ኩይሳው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ መጥተው ገብታለች ወይስ ከልክለዋታል ብለው ጠየቁኝ። ገብታለች አልኳቸው። አመኑኝ።

ከሰዓት አዲስ ሳጥን መምታት ጀመርኩ። አራት ድንጋይ ሥሩ አነጠፍኩ፣ ዘይት ቀባሁት፣ አሁንም አላመንኩት፤ በሽቦ ከጣሪያው ማገር ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ከዚያ መዝገቤን አውጥቼ ጻፍኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ሠራተኛ ምስጥ ዓይን የለውም። አስተማሪ፣ እናኑ።

እኔ ግን ሁለት ዓይን አለኝ። ሐሙስ ለኮሚቴው የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እነሱ ያውቃሉ።

አሁን ደክሞኛል። ያቺ ነጠላ ጫማ ዛሬም አልጋው ላይ ናት፣ ሦስተኛ ቀኗ። ነገ ጧት አስራት ይሆናል።